ካባዋ ያጠረባት ጉርዲት

ተረት ላምጣ?

«አምጪ፣ እማዋይ!»

በምን ልጫነው?

«በጉንዳን ጀርባ!»

በጉንዳን ከሆነ መንገድ አይስትም፤ ይደርሳል። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። ደምለው፣ አንተ መጀመሪያ ያንን እንጨት አስቀምጥ። አስቀምጥ አልኩህ! ያቺን ፍጥረት ከመጨፍለቅህ በፊት ማን እንደሆነች ታውቃለህ? ጅራቷን ስላነሳችብህ «ጊንጥ ናት» አልክ። ማንጠግቦሽ ደግሞ «የለም፣ ጉንዳን ናት» አለች። ውዴነሽማ «ግማሽ ልብስ የለበሰች ትል ናት» ብላ ሆዴን እስኪያመኝ አሳቀችኝ። እንግዲያው በጣሳው ክደኑልኝና ትቆይ። ተረቴ ሲያልቅ ፍርዷን እናንተው ትሰጣላችሁ።

ድሮ ነው። እንኳን እኔ የእኔም አያት ሳትወለድ። በዚያን ጊዜ ኩበትም ትናገር ነበር። ምን ያስቃችኋል? ደመናውም፣ ጫማውም ይናገር ነበር። ዝም ያሉት ሰው መጥቶ ወሬውን ሁሉ ሲቀማቸው ነው።

እናላችሁ፣ በአንዲት ሴትዮ ጓሮ አንዲት የኩበት ክምር ነበረች። ሴትዮዋ በበጋ ጠፍጥፋ፣ አድርቃ፣ ደርድራ፣ ከላይ በእበት መርጋ ያቆመቻት፣ ዝናብ የማይደፍራት ክምር። እመት ኩበት ይሏታል። ውስጧ ደረቅ ነው፣ ሙቅ ነው። ሽታው ለእናንተ አይሆን ይሆናል፤ ለነሱ ግን ሽቶ ነው። ክረምት ሲመጣ የዚያ ጓሮ ትንንሽ ፍጥረት ሁሉ እሷ ዘንድ ይከርማል። ጥንዚዛ ከመካከል፣ ጊንጥ ከግርጌ፣ ሸረሪት ከጣሪያው ሥር፣ ሁሉም ከወገኑ ጋር በየክፍሉ። ጉንዳኖች ብቻ «እኛ በላባችን የቆፈርነው ቤት አለን» ብለው ከክምሩ አጠገብ ከመሬት በታች ይከርማሉ። ኩሩ ናቸው።

እመት ኩበት ቤቷ ሰፊ፣ ልቧም ሰፊ ነበር። ግን ባንድ ክረምት ምን ሆነ መሰላችሁ፤ አንዲት ጉርጥ ቅጠል ተከናንባ «ጥንዚዛ ነኝ፣ አስጠጉኝ» ብላ ገባች። አስጠጓት። ሲነጋ ጉርጧ ወፍራለች፣ ጎረቤቶቿ የሉም። ከዚያ ወዲህ እመት ኩበት ሕግ አወጣች። ዋስ የሌለው አይገባም፤ ዋሱም ከገዛ ወገኑ ይሁን።

ሰኔ ገባ። ደመናው ከሩቁ ጋራ ጀርባ «ተነሣሁ!» ብሎ ጮኸ።

ይሄኔ አንዲት ቀጭን፣ ረዘም ያለች ፍጥረት እየሮጠች መጣች። ጥቁር ናት፣ ታብረቀርቃለች። ጀርባዋ ላይ ካባ አላት፤ ግን ምን ካባ አላት ይባላል! ከትከሻዋ ይጀምርና ብብቷ ሥር ያልቃል። ከዚያ በታች ሆዷ እንዳለ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ጉርዲት ይሏታል። ደግሞ አንድ አመል አላት፤ ስትደነግጥ ጅራቷን ወደ ላይ ቀጥ ታደርጋለች።

ደጁን አንኳኳች።

«ማነሽ?» አለች እመት ኩበት።

«ጉርዲት ነኝ።»

«የማን ጉርዲት?»

«የራሴ።»

«የራሱ የሆነ እዚህ አይገባም። የማን ልጅ ነሽ?»

«እናቴ የበሰበሰ ቅጠል ሥር ጥላኝ ሄደች። ስፈለፈል ያገኘሁት ቅጠሉን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ቅጠሉን ዋስ ጥሪው!»

«እሱም በስብሶ አለቀ፣ እመቴ።» ጉርዲት ተጠጋች። «እንቁላል ይዣለሁ። ዛሬ ነገ የምጥላቸው ናቸው። ውጭ ከጣልኳቸው ጎርፍ ይወስዳቸዋል። ሆዴን ይዩት።»

«አየሁት» አለች እመት ኩበት። «አገር እያየው ነው።»

ግን አንጀቷን በላቻት። አንጀት አላት እንዴ ኩበት? ያኔ ነበራት። «ስሚኝ ልጄ» አለቻት፣ «እኔ ብፈቅድ ሕጉ አይፈቅድም። ሂጂና ወገንሽን ፈልጊ። አንድ ዋስ ብቻ ይዘሽ ነይ፤ በሬን ወለል አድርጌ እከፍታለሁ። ግን ቶሎ በይ፤ ያ ደመና ቀልድ አያውቅም።»

ጉርዲት መጀመሪያ ወደ ጉንዳኖቹ ሄደች። ጉንዳኖቹ ገለባ ተሸክመው በተርታ ይሄዳሉ። እነሱ ሲናገሩም በተርታ ነው።

«ማናት?» አለ የፊተኛው።

«ማናት?» አለ ተከታዩ።

«ማናት? ማናት? ማናት?» እያለ እስከ ኋለኛው ደረሰ።

«ወገናችሁ መሰልኩኝ» አለች ጉርዲት። «ጥቁር ነኝ፣ ስድስት እግር አለኝ፣ ከመሬት ነው የምኖረው።»

በቀንዶቻቸው ዳሰሷት፣ አሸተቷት። «እስቲ ሸክም ያዢና ተርታ ግቢ» አሏት። ተርታ ገባች። ጥቂት እንደሄደች በግራ በኩል አንድ ነገር አየችና ወደዚያ ሮጠች። ተመልሳ ገባች። ደግሞ በቀኝ ሌላ ነገር አየች፤ ወደዚያ ሮጠች። ገለባዋን አንዱ ጋ ጣለች፣ ራሷን ሌላው ጋ አገኘች። ፍጥረቷ ነው ምን ታርግ! መዞር ትወዳለች። እኔ የማውቃት አንዲት ጎረቤቴም እንደዚሁ ናት፤ ጨው ልትበደር ወጥታ የሦስት ቤት ወሬ ይዛ ትመለሳለች፣ ጨዉን ረስታ።

ከኋላዋ ያሉት ጉንዳኖች ተከትለዋት ዞሩ። የነሱ ተከታዮችም ዞሩ። ተርታው እንደ ወደቀ የክር ልቃቂት ተተራመሰ።

«ቁም!» አለ አለቃቸው። «ለመሆኑ ወገብሽ የት አለ?»

«ይሄው።»

«ይሄ ወገብ ነው? የኛን ወገብ አይተሻል? በክር የታሰረ ይመስላል። ያንቺ ከላይ እስከ ታች እንደ ዘነዘና ቀጥ ያለ ነው። ወገብ የሌለው ጉንዳን አናውቅም!»

«አናውቅም! አናውቅም! አናውቅም!» አለ ተርታው።

ጉርዲት ደነገጠችና ጅራቷን አነሳች። ከጋራው አናት ላይ ደመናው «ጋራውን ያዝኩ!» አለ።

ከዚያ ወደ አያ ጊንጥ ሄደች። አያ ጊንጥ ከአንድ የተጣለ ጫማ ጎን ተጋድሞ ነበር። ገና ከሩቅ ጅራቷን ሲያይ ብድግ አለ።

«ያቺን ጅራት! ያቺን ጅራት አያችሁልኝ! የአጎቴ ልጅ፣ ከወዴት መጣሽ?» አገላብጦ ሳማት። በነዚያ መቆንጠጫዎቹ መሳም ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። ቢሆንም ጉርዲት ደስ አላት። ከተፈለፈለች ወዲህ «የአጎቴ ልጅ» ያላት የለም።

«ዋስ ይሁኑኝ፣ አያ ጊንጥ።»

«እሆናለሁ እንጂ! ብቻ ለወጉ ያህል እስቲ ያንን ጫማ ነደፍ አድርጊው።»

ጉርዲት ጅራቷን አነሳች። ወደ ኋላ ለጠጠች። ግርማዋ ንጉሥ ያስፈራል። ከዚያም ባላት ኃይል ጫማውን ወጋችው።

ጫማው አፉን ከፈተ። ማሰሪያ የሌለው፣ አፉ ሰፊ ጫማ ነው። «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ!» አለ። «ሲያሳክከኝ ሰነበተ። ትንሽ ወደ ግራ እከኪኝ።»

አያ ጊንጥ ፊቱ ጠቆረ። «መርዝሽስ?»

«መርዝ ምንድን ነው?»

«ጉድ ነው!» ቀርቦ እግሯን ቆጠረ። አንዴ ቆጠረ፣ ደገመ። «ስድስት። የኛ ስምንት ነው። ሁለቱን የት ጣልሻቸው?»

«አልጣልኳቸውም። ስድስት ሆኜ ነው የተገኘሁት።»

«እንግዲያው የአጎቴ ልጅ አይደለሽም። አጎት የሚባልም የለኝም። ዘወር በይ፣ ሰው ሳያየኝ!»

«ኧረ ትቆይ፣ ወደ ግራ ብያለሁ እኮ!» አለ ጫማው። የሰማው የለም።

ደመናው «ወንዙን ተሻገርኩ!» አለ። ነፋሱ አቧራ አስነሣ። ጉርዲት የእንቁላሎቿ ክብደት ተሰማት።

ቀሩ ጥንዚዛዎቹ። የጥንዚዛዎቹ ሽማግሌ አባ ካባ ይባላል። ክብ ነው፣ ወፍራም ነው፤ ጥቁር ካባው ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ገጥሞ ይወርዳል። ካባው ተከፍቶ ያየ ሰው የለም። ሲሄድ ካባው ይሄድ፣ እሱ ይከተል አይታወቅም። ሚስቶቹ፣ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ ከብበውት ወደ ክምሩ ለመግባት ዕቃ ያሰናዳሉ።

ጉርዲት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። «ጤና ይስጥልኝ፣ አባ ካባ። ወገንዎ እሆን እንደሆነ ብዬ መጣሁ። እኔም ካባ አለኝ።»

«የታል?» አለ አባ ካባ።

«ይሄው።»

«ይሄ ካባ ነው የአንገት ልብስ?»

የጥንዚዛ ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። «ሸማኔው ክር አልቆበት ነው!» አለች አንዷ። «የለም፣ ከታጠበ በኋላ ገብቶባት ነው!» አለች ሌላዋ። «ኧረ ተዋት፣ ሆዷ ፀሐይ እየሞቀ ነው!» አለች ሦስተኛዋ።

«አጭር ነው» አለች ጉርዲት፣ «ግን ከሥሩ…» አለችና ቆመች።

«ከሥሩ ምን?»

ጉርዲት ግራና ቀኝ አየች። ያ ሁሉ ዓይን! ፊቷ ቀላ። «ምንም» አለች።

«እንግዲያው በደህና ሂጂ። እኛ የጨዋ ልጆች ነን፤ ሆዱን አስጥቶ የሚሄድ ወገን የለንም።»

ልጆቼ፣ ያኔ ጉርዲት ልታለቅስ ነበር። ግን የዚያ አገር ፍጥረት አንድ ነገር ያውቃል፤ ካልቅሶ በፊት ሙግት አለ። ጅራቷን አነሳችና ጮኸች፦ «በዳኛ አምላክ! ዳኝነት ይታይልኝ!»

ይሄን ሲሰማ ያልመጣ የለም። ዝናብ ሊጥል ነው፣ ዕቃ አልገባም፣ ግን ሙግት አለ ከተባለ ማን ቤቱ ይቀመጣል? ጉንዳኖቹ ገለባቸውን ጥለው መጡ። አያ ጊንጥ መጣ። ሸረሪት ከጣሪያው ወረደች። ከክምሩ ጎን ባለው የግራዋ ዛፍ ላይ ዳኛው ተቀምጧል። ዳኛው ማን መሰላችሁ? እስስት! «አንድ ዓይኑ ከከሳሽ፣ አንድ ዓይኑ ከተከሳሽ፤ ከሱ በላይ ሚዛናዊ ከየት ይመጣል?» ብለው ነው የሾሙት። ምን እንደሚበላ ግን የጠየቀው የለም።

ያኔ ወጉ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው መቆም ነው፣ አንዱ እንዳያመልጥ። የአባ ካባን ካባ ጫፍ ያዙ፤ የጉርዲትን ያዙ፤ ሳቡ፣ ሳቡ፣ አልደርስ አለ። «ካባዋ ለመቋጠር እንኳ አልበቃም!» ብሎ ሸንጎው ሳቀ። በመጨረሻ ሸረሪት አንድ ክር ፈተለችና ጎን ለጎን አሰረቻቸው።

«ተናገሪ» አለ ዳኛ እስስት።

ጉርዲት ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄደች። አባ ካባም በክሩ ተጎትቶ አብሮ ሄደ።

«በላ ልበልሃ! ወገን የሌለው አለ ወይ? ከሰማይ ወርጄ እንደሁ ደመናው ይመስክር! ከድንጋይ ወጥቼ እንደሁ ድንጋዩ ይናገር! የአንዳችሁ ነኝ፤ የማናችሁ እንደሆንኩ ፈልጋችሁ ንገሩኝ!»

«አማረባት» አለች እመት ኩበት ቀስ ብላ።

ጉንዳኖቹ ተነሡ፦ «ወገብ የላትም! የላትም! የላትም!» እስስቱ ወደ ጉንዳኖቹ ዞሮ ጥቁር ሆነ። «እውነት ነው» አለ።

አያ ጊንጥ ተነሣ፦ «መርዝ የላትም፤ ሁለት እግርም ይጎድላታል!» እስስቱ ወደ ጊንጡ ዞሮ ቡኒ ሆነ። «ይህም እውነት ነው» አለ።

አባ ካባ ደረቱን ነፋ፦ «ካባ የላትም!» እስስቱ ወደ አባ ካባ ዞሮ የካባውን ቀለም መሰለ። «ከዚህ የበለጠ እውነት የለም» አለ።

ከዚያ ሁለቱንም ዓይኖቹን ባንድ ጊዜ ወደ ጉርዲት አዞረ። እስስት ሁለቱንም ዓይን ባንድ ነገር ላይ ሲያሳርፍ፣ ልጆቼ፣ ነገር አለ ማለት ነው።

«ፍርድ!» አለ። «ጉንዳን አይደለችም። ጊንጥ አይደለችም። ጥንዚዛ አይደለችም። እንግዲህ ምንም ናት።» አፉን ላሰ። «ምንምን የበላ፣ ምን በላ? ምንም! ለመሆኑ ደሟን የሚጠይቅ ወገን አለ?»

ጉንዳኖቹ መሬት መሬት አዩ። አያ ጊንጥ የጅራቱን ጫፍ መመርመር ጀመረ። አባ ካባ ካባውን አስተካከለ።

እመት ኩበት ብቻ «ኧረ ግፍ ነው!» አለች። ግን ኩበት ተነሥታ አትሄድ።

የእስስቱ ምላስ ተወነጨፈ።

ያኔ ጉርዲት ነውሩንም፣ አገሩንም ረሳች። ያቺን አጭር ካባዋን ብድግ አደረገችው። ከሥሩ ምን ወጣ? ክንፍ! ስስ፣ ረጅም፣ እንደ ጥሩ ነጠላ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ክንፍ። ተዘረጋ፣ ተዘረጋ፤ ከቁመቷ የማያንስ ሆነ። የሸረሪቷ ክር ጠቅ ብሎ ተበጠሰ። ጉርዲት ቱር ብላ ወደ ሰማይ!

ምላሱስ? ምላስ አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ ይሄን እናንተም ያዙት። ጎን ቆሞ የነበረው የአባ ካባ ካባ ላይ ጧ ብሎ ተለጠፈ።

«እኔ አይደለሁም!» አለ አባ ካባ። «እኔ ወገን አለኝ!»

እስስቱ መልስ መስጠት አልቻለም፤ አፉ ሥራ ላይ ነው። ወደ ራሱ ይስባል። አባ ካባ በስድስት እግሩ መሬት ቆንጥጦ ይጎተታል። ጉንዳኖቹ ሸሹ። አያ ጊንጥ ጫማው ውስጥ ገባ። ሚስቶቹ፣ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ እሪ እያሉ ክምሩ ውስጥ ገቡ።

«የወገን ያለህ!» ብሎ ጮኸ አባ ካባ። «ኧረ የወገን ያለህ!»

ጉርዲት ከላይ ሰማችው። መሄድ ትችል ነበር። ነፋሱም «ነይ፣ ልውሰድሽ» ይላታል። ግን ያንን ጩኸት ታውቀዋለች፤ ቀኑን ሙሉ ስትጮኸው የዋለችው እሱኑ ነው። ዞረች። ወረደች። እስስቱ አፍንጫ ላይ፣ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ዱብ አለችና ያቺን ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ለጠጠች።

የእስስቱ ሁለት ዓይኖች ወደ መሃል ተሰበሰቡ።

«ጊንጥ!» ብሎ ጮኸ።

አያችሁት? አሁን እኮ «ጊንጥ አይደለችም» ብሎ የፈረደው እሱ ራሱ ነው! በድንጋጤ ነጭ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፤ ያለውን ቀለም ሁሉ ጨረሰ። ሲጮህ ምላሱ ለቀቀ፤ ከግራዋው ወድቆ እየተንከባለለ ሄደ። ዛሬም እስስት ሲሄድ አንድ እግሩን አንሥቶ የሚያመነታው የረገጠው ቅርንጫፍ ጊንጥ እየመሰለው ነው ይባላል።

አባ ካባ በጀርባው ተዘርሯል። ሊገለበጥ ታገለ፣ ታገለ፤ አልሆን ሲለው በዚህ ዕድሜው ያላደረገውን አደረገ። ካባውን ከፈተ። ከሥሩ ፏ ብሎ ምን ወጣ? ክንፍ! ተጨማዶ፣ ተጨማዶ፣ ዘንድሮ ያልታጠበ መጋረጃ የመሰለ ክንፍ። በሱ ተንደፋድፎ ተነሣ።

እመት ኩበት ከበሩ ሆና ታያለች። «አባ ካባ» አለች፣ «ያ የተንጠለጠለብዎ ምንድን ነው?»

«ምኑ?» አለ፣ በእግሩ ሊከልለው እየሞከረ።

«ያ ስሱ። ጉርዲትም ላይ ያለው። ካባው ከላይ፣ ክንፉ ከሥር ታጥፎ። ጉንዳን እንዲህ ያደርጋል? ጊንጥ እንዲህ ያደርጋል?»

ሚስቶቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። የሱን አዩ፤ የሷን አዩ። ያቺ «ሸማኔው ክር አልቆበት ነው» ያለችው አፏን ያዘች።

ጉርዲት ግን በኀፍረት ልትሞት ነው። ጅራቷን ወደ ላይ ቀለበሰች፤ አንዱን ክንፍ በጅራቷ ገፋች፣ ሌላውን ገፋች፤ አንዴ አጠፈች፣ ደግሞ አጠፈች፤ ያ ሁሉ ርዝመት በዚያች አጭር ካባ ሥር ጥቅልል ብሎ ገባ። ለካ ያ ጅራት መውጊያ አይደለም፤ ልብስ ማጣጠፊያ እጇ ኖሯል! አባ ካባ ደግሞ የሱን ሊያስገባ ይታገላል። በቀኝ ሲከተው በግራ ይወጣል። ስንት ክረምት ሳይፈታ የኖረ፣ በዚያ ላይ ውፍረቱ። ጉርዲትን አሳዘናት። «ይፍቀዱልኝ፣ አባ» አለችና በጅራቷ እየገፋች፣ እያስተካከለች አጠፈችለት። ካባው ገጠመ።

«አንቺ ልጅ» አለ አባ ካባ፣ ድምፁ ቀንሶ፣ «ይሄ ነገር እያለሽ ቀድመሽ ለምን አላሳየሽንም?»

ጉርዲት ጎንበስ አለች። «የውስጥ ልብስ ባደባባይ ይገለጣል እንዴ፣ አባ? አሳዳጊ ባይኖረኝም ነውር አውቃለሁ።»

ሸንጎው አንገቱን ደፋ። ሆዷን አስጥታ ትሄዳለች የተባለችው እሷ፣ ከሁሉም ይልቅ ጨዋዋ ሆና ተገኘች።

ይሄኔ ደመናው ከራሳቸው በላይ «ደረስኩ!» አለ። የመጀመሪያዋ ጠብታ የአባ ካባ አናት ላይ ጧ አለች።

«ዋስ?» አለች እመት ኩበት።

«ዋስ ነኝ!» አለ አባ ካባ። «የወንድሜ ልጅ ናት! ካባዋ ቢያጥር የኛው ናት! ኧረ ክፈች፣ ራስኩ!»

ገቡ። ጉርዲት ከመካከለኛው ክፍል ደረቅ ጥግ ተሰጣት፤ እንቁላሎቿን ጣለች። ዝናቡ ወረደ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ግን ጎርፉ የጉንዳኖቹን ቤት ሞላው። በተርታ ወጥተው፣ በተርታ ርሰው፣ ከእመት ኩበት ደጅ በተርታ ቆሙ።

«ዋስ ጥሩ!» አለች እመት ኩበት።

«ዋስ የለንም! የለንም! የለንም!» ኩሩ ነበሩ ብያችኋለሁ፤ ማንን ዋስ ጠርተው ያውቃሉ?

ከውስጥ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች። «እኔ አለሁ።»

«ወገናቸው አይደለሽም እኮ» አለች እመት ኩበት። «ሕጉ…»

«ተርታ አብሬ ገብቻለሁ» አለች ጉርዲት። «ገለባቸውን ተሸክሜያለሁ። ጥሩ አድርጌ ባልሸከመውም። ይህ ለአንድ ክረምት ወገንነት አይበቃም?»

እመት ኩበት ሳቀች፤ ክምሩ ሁሉ ተነቃነቀ። በሯን ወለል አደረገችው። ጉንዳኖቹ ሲያልፉ እያንዳንዳቸው «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ አለፉ። እስኪጨርሱ ጉርዲትን እንቅልፍ ወሰዳት። ዛሬም ከጉርዲት ዘመዶች አንዳንዶቹ ጉንዳን ቤት ይኖራሉ፤ ጉንዳኖቹም «ውጡ» አይሏቸውም።

እንቁላሎቹ ሲፈለፈሉ ደግሞ ሌላ ጉድ! አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ እንደ ክር የቀጠነ። እመት ኩበት እያንዳንዱን «ይሄስ የማን ነው?» ትላለች። ጉርዲትም «የኔ ነው» ትላለች። «ይሄስ?» «የኔ።» ተባዙ፣ ዓለምን ሞሉ። ማንጠግቦሽ ከትምህርት ቤት እንዳመጣችው ወሬ ከሆነ ዛሬም የተማሩ ሰዎች አጉልቶ በሚያሳይ መስተዋት እያዩ በየወገናቸው ሲለዩአቸው ይውላሉ፤ አልጨረሱም አሉ። እግዜር ይርዳቸው። ግን ከላይ ያጠረ ካባ፣ ከሥሩ የታጠፈ ክንፍ ካዩ ደጅ አያስጠኑትም።

እንግዲህ ደምለው፣ ጣሳውን አንሣው። ቀስ። በጅህ አትንካት፤ ከወገኖቿ መካከል ሰው ቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ እሳት የምታስነሣ አለች። ይኸው ጅራቷን አነሣች። ምን ናት? ፍረዱ!

«ጥንዚዛ!» አለች ማንጠግቦሽ።

«ጥንዚዛ ናት፣ ካባዋ አጥሮ ነው!» አለች ውዴነሽ።

አንተስ ደምለው?

«ክንፏን ሳላይ አልፈርድም።»

እንዲያ በል! ይሄ ነው ዳኛ። በል እፍ በልባት። በቀስታ… አየኸው? አየኸው ስትፈታው? እሰይ! ሄደች። ወደ ጓሯችን የኩበት ክምር ነው የሄደችው፤ እኔ ምን አልኩ።

ተረቴን ከጉንዳኑ ጀርባ አራገፍኩ፤ እሱም ወደ ቤቱ፣ እናንተም ወደ መኝታችሁ። ይሄን ግን ይዛችሁ ግቡ፦

ሰውን በካባው እጥረት አትናቁ፤ ከሥር የታጠፈውን ጠይቁ።